ሳትነግሪኝ አታፍርሺኝ

ሀኒያ ኑርዬ ይህችን ቀን ስትጠብቅ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ጥርሷን ነክሳ፣ ቂሟን ቋጥራ፣ ሰው ፊት እየሳቀች ጠብቃለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሷን የወጋት ደግሞ ባዳ አይደለም፤ ከሰው ሁሉ አብልጣ ያመነችው ሙነወር ኡስማን ነው። ዛሬ እሱ መድረክ ላይ ይወጣል፣ እሷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ ያበቃል።

ቦታው ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ያለ የሎጅ አዳራሽ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎቹን ሰብስቦ ሥራቸውን ያስገመግማል። ከአቅራቢዎቹ አንዱ ብቻ ተመርጦ ባህር ማዶ ወዳለ የምርምር ማዕከል ይላካል፤ ፀሐይን የሚያነደውን እሳት ምድር ላይ ለማንደድ ወደሚሞከርበት። ሙነወር ለዚያ ቦታ ወጣትነቱን ገብሯል። ሀኒያ ከሱ ቀድማ ዶክትሬቷን ጨርሳ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የተጋበዘችው በገምጋሚነት ነው። ጋባዦቹ የሁለቱን ታሪክ አላወቁም። ቢያውቁማ ቢላዋውን በእጇ ባላስጨበጧት።

ፍቅራቸው የተጀመረው በዚሁ እሳት ነበር። ማስተርሳቸውን ሲማሩ አንድ ጠረጴዛና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተጋርተው አንድ ሞዴል ይሠሩ ነበር። ነገሩ ለሰሚው ተረት ይመስላል። ጋዝ ከፀሐይ እምብርት በላይ እስኪግል ድረስ ያግሉታል፤ ፕላዝማ ይሉታል። የሚችለው ዕቃ ስለሌለ እንደ ቀለበት በዞረ ማሽን ውስጥ፣ በማግኔት አጥር መሃል ያንሳፍፉታል። እንደ ማንኛውም እሳት ማገዶ ይፈልጋል። ማገዶው በብርድ ብዛት በረዶ የሆነ ሃይድሮጅን ነው፤ ከሽምብራ በማይበልጥ ጠጠር ተሠርቶ እንደ ጥይት ወደ እሳቱ ይተኮሳል። ጭንቁ ጠጠሩ ተንኖ ሳያልቅ ምን ያህል ይዘልቃል፣ ተኑስ ከዚያ ወዲያ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ሙነወር አተናነኑን ያሰላ ነበር። ሀኒያ ደግሞ የተኑን መንገድ። ተኑ እንዳሻው አይሄድም፤ ማግኔቱ ሁልጊዜ ወደ ቀለበቱ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ከውጭ በኩል የተተኮሰ ጠጠር ሲተን ነዳጁ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ከውስጥ፣ ከቀለበቱ ቀዳዳ በኩል ሲተኮስ ግን ያው ግፊት ወደ እሳቱ ልብ ያስገባዋል። ይህን መገፋት የሚያሰላውን ክፍል ሀኒያ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ብቻዋን ጻፈችው።

ያኔ አንድ ሕግ ነበራቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ ለማፍረስ ይታገላል። ካፈረሰው ለብቻው ይነግረዋል እንጂ ሰው ፊት አያወጣውም።

«ሳትነግሪኝ አታፍርሺኝ» ይላት ነበር ሙነወር።

«አንተም ሳትነግረኝ አታፍርሰኝ» ትለዋለች።

ሌሎች ፍቅረኞች እንዴት እንደሚማማሉ እንጃ፤ ለሀኒያ ግን ከዚህ የበለጠ መሐላ አልነበረም።

አንድ ቀን ሙነወር «ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌ ይመጣል» አላት። እሷ የሐይቅ ልጅ፣ የኑርዬ ቀጥቃጩ ልጅ ናት። እሱ የውጫሌው የሐጂ ኡስማን ልጅ ነው፤ አምባሰል ውስጥ ስማቸው ሲነሳ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳላቸው። ማረሻ የሚሠራውን ሰው ገበሬ ሁሉ ይፈልገዋል፤ ልጁን ለማግባት ሲሆን ግን ሁሉም ዘሩን መቁጠር ይጀምራል። ሀኒያ ሕፃን ሳለች ጎረቤት ልጁን ከሷ ዓይን ይሸሽግ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ይመጣል ስትባል ደስታዋ የሙሽራ ብቻ አልነበረም። እናቷ ሙክት አሳረደች፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ ሰሌን ተነጠፈ። ጁምዓ አለፈ፣ የአስር ሶላት ተሰገደ፣ ፀሐይ ጠለቀች፤ አንድም ሰው አልመጣ። አንዷ ጎረቤት ድስት እያጠበች «ለቀጥቃጭ ልጅ ማን ጥምጥሙን አሳምሮ ይመጣል ብለው ነው?» ስትል ሀኒያ ከጓዳ ሰማች። ስልክ ስትደውል ሙነወር «ሀኒ፣ አብሽሪ፣ አሁን ልነግርሽ የማልችለው ነገር አለ» አላት። ስልኩን ዘጋችና ቁጥሩንም ዘጋችው። ከዚያን ቀን ወዲህ በልቧ የቀረው ቂም ብቻ ነበር።

ሙነወር ከመድረኩ በፊት በሻይ ሰዓት አገኛት። ከስቷል። ዓይኖቹ ግን ያው ናቸው፤ ሰውን ሲያዩ የሚለምኑ የሚመስሉ። ሀኒያ ልቧ ሲመታ በራሷ ተናደደች።

«መጣሽ» አላት።

«ተጋብዤ ነው።»

«ጽሑፌን አነበብሽው?»

«አንብቤዋለሁ።»

ሙነወር ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ታዲያ የምትነግሪኝ ነገር የለም?»

ምን እየጠየቃት እንደሆነ አሳምራ ገብቷታል። የድሮ ሕጋቸውን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ትልቅ ቀዳዳ አለ፤ አይታዋለች፤ ያየችውም ከሳምንታት በፊት ነው። አሁን አንድ ቃል ብትተነፍስ የሚድንበት መንገድ ያገኛል።

«የለም» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች።

«እሽ» አለና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሀኒያ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን የተነጠፈውን ሰሌን አስታወሰችና ልቧን መልሳ አደነደነች።

አዳራሹ ሲሞላ የፊተኛው ረድፍ ላይ ሐጂ ኡስማን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ተቀመጡ። ከጎናቸው የአምባሰሉ ትልቅ ሽማግሌ ሸህ ኸሚስ አሉ። ሐጂ የልጃቸውን ክብር ሊያዩ መጥተዋል። ሀኒያ ሲገቡ ስታይ ደስታዋ እጥፍ ሆነ። አባትየውም ይስማ።

ሙነወር አሳምሮ አቀረበ። ጠጠሩ ወደ እሳቱ ሲገባ፣ ሲተን፣ ነዳጁ ሲሰራጭ፣ በመጨረሻም እሳቱ ልብ ላይ ሲከማች በቀለም ሥዕል አሳየ። ሰው አጨበጨበ። ሰብሳቢዋ ዶክተር ሰርካለም «ገምጋሚዎች?» ሲሉ ሀኒያ እጇን አወጣች።

«አቶ ሙነወር፣ ጠጠሩን የተኮስከው ከየት በኩል ነው?»

«ከቀለበቱ ውጭ በኩል።»

«ተኑን ማግኔቱ ወዴት ይገፋዋል?»

ሙነወር አያት። «ወደ ውጭ።»

«በስሌትህ ውስጥ ይህ ግፊት የት አለ?»

«የለም።»

ሀኒያ ቆም ብትል ይበቃት ነበር፤ አላቆመችም። «ማሽኖቹ የለኩትን ሁላችንም አይተናል፤ እንዲህ ሲተኮስ ነዳጁ ጠርዝ ላይ ነው የሚቀረው። አንተ ግን ልብ ድረስ አስገባኸው። መጣ ተብሎ የተወራለት እንግዳ ደጃፍ ላይ እንኳ ሳይታይ እንደሚቀር አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ መሰለኝ።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ለሀኒያ ጣፈጣት፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሐጂ ኡስማን ዞር ብለው «ይህች የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ሰማች፤ ሸህ ኸሚስም «የኑርዬ» ሲሉ። የሐጂ አንገት ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሲመለስ አየች።

ዶክተር ሰርካለም መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ሳታውቅ ቀርተህ ነው?»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር። ያ ክፍል ነበረኝ። አወጣሁት።»

«ለምን?»

ሙነወር ለዶክተሯ ሊመልስ ጀመረና ፊቱ ወደ ሀኒያ ዞረ። «የኔ ስላልሆነ። የጻፈችው እሷ ናት። ላስፈቅዳት ብደውል ቁጥሬ ዝግ ነው። ከመጻሕፍት አይቼ እንደ አዲስ ልጽፈው ተቀመጥኩ፤ እጄ የሚጽፈው የሷን ሆነ። ሳትፈቅድልኝ የሷን ይዤ ከምሄድ ጎዶሎውን ይዤ ልቅረብ አልኩ። ክፍሉ እንደሌለ ጽፌ ማሳወቅ ነበረብኝ። ስሟን ሳላነሳ እንዴት እንደምጽፈው አላወቅሁበትም።»

ማንም አልሳቀም። ሀኒያ ያፈረሰችው ግድግዳ ራሷ የጻፈችው ክፍል የወጣበት ባዶ ቦታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የተመረጠው ስም ተነበበ፤ የሙነወር አልነበረም። እሱም ለተመረጠው ልጅ ከሰው ሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። ሀኒያ ያን ጭብጨባ መስማት አልቻለችም፤ ተነስታ ወጣች።

ስብሰባው ሲበተን ሙነወርን ውሃው ዳር ብቻውን ቆሞ አገኘችው። አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፤ መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ የአምባሰል ዜማ ከፍቷል። ይቅርታ ልትል መጥታ ከአፏ የወጣው ሌላ ነው።

«ዓርብ ዕለት የት ነበርክ?»

«ልነግርሽ አልችልም አልኩሽ እኮ። ሸህ ኸሚስ ለማንም እንዳልናገር በዱዓ ዘግተውብኛል።»

«ዱዓ! ስታዋርደኝ ዱዓ አስደረግህ?»

«አባትሽን ጠይቂ።»

«አባቴን ከዚህ ውስጥ አታስገባ!»

«አላስገባሁም» አለ ሙነወር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «ይኸው ሦስት ዓመት አላስገባሁም። ሂጅና ጠይቂው።»

ዞር ሊል ብሎ ተመለሰ። «ስላፈረስሽኝ አይደለም የሚያመኝ፣ ሀኒ። ያፈረስሽው ልክ ነው። ጠዋት ስጠይቅሽ የለም ማለትሽ ነው።»

ይህን ብሎ ሄደ። ሀኒያ ውሃውን እያየች ቀረች፤ አንጀቷ የጠጣው ቅቤ ሁሉ ኮሶ ሆነባት።

ኑርዬ የሚሠራው ከከተማው ጠርዝ፣ ዛፍ ሥር ባለች ጠባብ ዳስ ነው። የእሳቱ ነገር በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ከአባቱ የተረከበው ነው፤ ማታ አመድ አልብሶ ያሳድረዋል፣ ጠዋት ገልጦ በወናፍ ይቀሰቅሰዋል፤ ሲጠፋ ያየው ሰው የለም። ሀኒያ ስትገባ አባቷ ማረሻ በጉጠት ይዞ ነበር።

«አባየ፣ ያን ዓርብ ምን ሆነ?»

ኑርዬ ማረሻውን ውሃ ውስጥ ነከረው። ብረቱ ጮኸ።

«አባየ!»

«መጥተው ነበር» አለ ሳያያት። «ጠዋት በማለዳ። ቤት ከመሄዳቸው በፊት ነገሩን ሊያለሰልሱ እዚህ ገቡ። ሸህ ኸሚስ፣ ሐጂም ነበሩበት፤ ልጁም ደንቡ ባይፈቅድ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ልጅህን እንወስዳለን፣ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። እሳቱን አጥፋ። የቀጥቃጭ ልጅ አገባ እንዳይባል፣ ንግድ እናስገባሃለን አሉ። ዳሱም ይፍረስ አሉ። እኔም ውጡልኝ አልኩ።»

ሀኒያ የዳሱን ምሰሶ ያዘች። «ለኔ ሳትነግረኝ?»

«አንችን ብጠይቅሽ ወይ እኔን ትመርጫለሽ፣ ወይ እሱን። ያን ሸክም ላንች ልስጥሽ? ነገሩ እዚሁ ይቅር ብየ ሸህየውን ዱዓ አስደረግኋቸው። ልጁም አሚን አለ፤ እያለቀሰ።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ከኛ ጋር ሰሌን ላይ ተቀምጠህ ስትጠብቅ ዋልክ! እንደማይመጡ እያወቅህ! እናቴ በር በሩን ስታይ፣ እኔ ፀጉሬን ሦስቴ ስሠራ፣ አንተ እያወቅህ!»

«ወላሂ፣ ልጄ፣ ከዚያ ቀን የከበደ ብረት አላነሳሁም።»

ሀኒያ አህያውን ፈርታ ዳውላውን ነበር የመታችው። ፈርታ እንኳ አይደለም፤ አህያው ማን እንደሆነ ሳታውቅ። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ መንገዱን ብቻ ለወጠ። በማግሥቱ ሸህ ኸሚስ የአዳራሹ ነገር አላስተኛቸው ብሎ በትራቸውን እያስቀደሙ ወደ ዳሱ መጥተው፣ የዘጉትን ቃል ራሳቸው በዱዓ ፈቱና «ኑርዬ፣ በሩ ዛሬም ዝግ ነው?» ሲሉ ኑርዬ ወደ ልጁ አመለከተ።

«የበሩ ባለቤት እሷ ናት» አለ።

«ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አለች ሀኒያ። «ቤት ሳይሆን እዚህ ይምጡ። ሐጂ ራሳቸው ይኑሩበት።»

ሊመጡ በተቀጠረበት ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሀኒያ ብቻዋን ወደ ዳሱ ሄደች። አመዱን ገለጠች። ፍሙ እንደ ሕፃን ዓይን ብልጭ አለባት። ባልዲውን አነሳችና ውሃውን ደፋችበት። ኑርዬ ሲደርስ ጥቁር ጭቃ ብቻ አገኘ፤ ዳሱ ጥግ ያለ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

«ምን አደረግሽ፣ ልጄ? የአባቴን እሳት!»

«ከኔ አስበልጠህ የመረጥኸውን» አለችው። እንባዋ እየወረደ ባልዲውን ወደ ቦታው መለሰች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። በደንቡ ተቀመጡ ካልተባሉ አይቀመጡም፤ ተቀመጡ ማለት እሽታ ነው። ዳሷ ውስጥ ተጠጋግተው ቆሙ። የሐጂ ኡስማን ነጭ ጀለቢያ ጥላሸት ነካ፤ አላራገፉትም።

«አሰላሙ አለይኩም፤ ልጅ ፈልገን መጥተናል» አሉ ሸህ ኸሚስ።

ከኑርዬ ቀድማ ሀኒያ ወደ ፊት ወጣች። ደንቡ አይፈቅድም፤ ማንም ግን አላስቆማት።

«ያኔ እሳቱ ይጥፋ አላችሁ። ይኸው ጠፋ። የጠየቃችሁት ተሟልቷል። እኔ ደግሞ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይጥፋ ያሉት ሐጂ ናቸው፣ ሐጂ ያንድዱት። ከዚያ በፊት ተቀመጡ የሚላችሁ የለም።»

«አንች ልጅ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ለሐጂ እንዲህ ይባላል? ወናፍ ሊነፉልሽ ነው?»

ሐጂ ኡስማን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ውጭ መንገደኞች መሰብሰብ ጀምረዋል፤ የውጫሌው ሐጂ ቀጥቃጭ ዳስ ውስጥ ቆመው ማየት ከገበያ ይበልጣል። ላብ ከጥምጥማቸው ሥር ወረደ፤ እግራቸውን አቀያየሩ። ሀኒያ አየቻቸው፤ አላዘነችላቸውም። ሰሌኑ ላይ የተቀመጠችበትን ቀን አንድ በአንድ እያስታወሰች አስቆመቻቸው።

በመጨረሻ «ቢስሚላህ» አሉና ተንበረከኩ። እርጥቡን ከሰል በእጃቸው ጠርገው አወጡ፤ ደረቅ ፍቅፋቂና አዲስ ከሰል ኑርዬ በዝምታ አቀበላቸው። ክብሪቱ ሁለቴ ጠፋባቸው። ሲይዝላቸው ወናፉን ጨበጡ፤ መጀመሪያ አያያዙን አላወቁትም፤ ኑርዬ እጁን ከእጃቸው በላይ አድርጎ አሳያቸው። ሁለቱ አባቶች አንድ ወናፍ ይዘው ሲነፉ ከሰሉ ቀላ። ኑርዬ ያለቅስ ነበር፤ ሐጂም ጢሱ ነው አይሉ ነገር ዓይናቸውን ጠረጉ። የሀኒያ ቂም ያን ጊዜ ጠገበ።

«ነደደ» አሉ ሐጂ ኡስማን ቀና ብለው። ጀለቢያቸው ከሰል መስሏል። «አባትሽን የበደልኩት እኔ ነኝ። አንችንም። ይኸው ደጃችሁ ላይ ተንበረከክሁ፤ በቃሽ?»

«በቃኝ።»

«እኔስ አልበቃኝም። ልጄ ያን ቀን እዚህ እግሬ ላይ ወድቆ እሳቱን ተውላቸው ሲለኝ ነበር። ከዚያም አፉን ዘግቶ ያንችን ስድብ ተሸከመ። እኔ ሌላ ሴት ሳጭለት እምቢ አለ። ባለፈው ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት ያጠፋሽው የኔን እሳት አልነበረም፣ የሱን ነው። የኔን እኔ ለኮስኩ፤ የሱንስ ማን ይለኩስለት?»

ሰውን ለማስቆም የተዘጋጀች ልጅ ራሷ የምትቆምበት ቀን ይመጣል ብላ አላሰበችም።

«የት ነው ያለው?» አለች ቀስ ብላ።

«ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ከዛፉ ማዶ ተቀምጧል።»

ወጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ሙነወር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእንጨት ይጭራል። ከጎኑ ሌላ ድንጋይ አለ፤ ባዶ ነው። ሀኒያ ፊቱ ሄዳ ቆመች።

«ያን ቀን ጠዋት ስትጠይቀኝ የምነግርህ ነበረኝ» አለችው። «እያወቅሁ የለም አልኩህ። ያ ክፍል ያንተም ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ፈቅጄልሃለሁ። ግን የፈቀድሁት ዘግይቼ ነው፤ ቦታውም ለሌላ ሰው ሄዷል፤ አውቃለሁ። ሽማግሌ የለኝም። የመጣሁት ብቻዬን ነው።»

ሙነወር ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ባዶውን ድንጋይ አየ፣ እሷን አየ፤ ተቀመጭ አላላትም። መልሶ መሬቱን መጫር ጀመረ።

ሀኒያ ቆመች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ወጣ፤ ከዳሱ የኑርዬ መዶሻ መጮህ ጀመረ፤ መንገደኛው ሁሉ ያያታል። የሐጂ ኡስማን እግር እንዴት ደክሞ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ግን አልተቀመጠችም፤ ተቀመጭ እስኪላት ትቆማለች።